ከሳጥን የወጣ ሞገድ፦ አንድ የቤተ ሙከራ ስብስብ ከአንድ የትምህርት ዓመት አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክፍል ለቤተ ሙከራው አንድ የሞገድ ማሳያ ስብስብ ገዛ። ስብስቡ በአዲስ አበባ የትምህርት መሣሪያ ከሚሸጡ ሱቆች በአንዱ የተገኘ፣ ከውጭ አገር የመጣ ምርት ነው፤ ቅሬታዬም ምስጋናዬም የሚመለከተው ዕቃውን ስለሆነ የአምራቹንም የሱቁንም ስም አላነሳም። በካርቶኑ ውስጥ ወለሉ መስታወት የሆነ 40 በ40 ሴንቲሜትር የሞገድ ገንዳ፣ ውሃውን የሚያናውጥ ባለ ዲናሞ ዘንግ፣ መብራት፣ አንድ ሰፊ ጥቅል ሞላ፣ አንድ ረጅምና ቀጭን ሞላ፣ እንዲሁም 512 ኸርዝ (በሰከንድ 512 ንዝረት) የሚል ጽሑፍ የተቀረጸባቸው፣ ሲመቱ አንድ ወጥ ድምፅ የሚያወጡ ሁለት የድምፅ ሹካዎች ነበሩ። ዋጋው ከምንዛሬው ጋር አብሮ ስለሚወጣ የከፈልነውን በብር መናገር ለዛሬ ገዢ ብዙ አይጠቅመውም፤ በዚያን ሰሞን አንድ መካከለኛ ስማርት ስልክ ከሚሸጥበት ትንሽ ከፍ ይል ነበር ማለት ይበቃል።

የምመዝንበትን ሚዛን አስቀድሜ ልናገር። ተማሪዎቻችን የሞገድ ፍጥነት የድግግሞሽ (በሰከንድ የሚያልፉት ሞገዶች ብዛት) እና የሞገድ ርዝመት (ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ብዜት መሆኑን በቃላቸው ያውቃሉ፤ ቀመሩን ጻፉ ሲባሉ ይጽፋሉ፣ ቁጥር ሲሰጣቸውም አባዝተው መልሱን ያወጣሉ። ነገር ግን ከመካከላቸው አንድ የሞገድ ርዝመት በማስመሪያ ለክቶ የሚያውቅ ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያስለካል ወይ?

በዚህ ጥያቄ ሲፈተኑ አንደኛ የወጡት ከስብስቡ ሁሉ ርካሽ የሆኑት ሁለቱ ሞላዎች ናቸው። ሰፊውን ሞላ፣ በተለምዶ ስሊንኪ የሚባለውን፣ ሁለት ተማሪዎች በኮሪደሩ ወለል ላይ ጫፍና ጫፉን ይዘው 3 ሜትር ያህል ይዘረጉታል፤ አንደኛዋ እጇን ፈጠን አድርጋ ወደ ጎን ወስዳ ስትመልስ አንድ ጉብታ ከእጇ ተነሥቶ እስከ ጓደኛዋ ድረስ ይሮጣል። ወደ ጎን መወዝወዙን ትታ ሞላውን ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ ብታደርገው ደግሞ ጉብታ አይታይም፤ የተጨናነቁ ጥቅልሎች በመስመር ይተላለፋሉ፣ ድምፅም በአየር ውስጥ የሚጓዘው በዚህኛው መንገድ ነው። ከመካከለኞቹ ጥቅልሎች በአንዱ ላይ ቀይ ክር አስረን ነበር። ሞገዱ በደረሰ ቁጥር ክሩ ወደ ጎን ብድግ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። ጎንበስ ብላ ስትመለከት የቆየች አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ሞገዱ አልፎ ሄደ፤ ክሩ ግን ቦታውን አልለቀቀም» አለችኝ። «ታዲያ የሄደው ምንድን ነው?» ብላት ጓደኛዋን አየት አድርጋ፣ «የሷን እጅ የመታው ነገር» አለች። ኢነርጂ የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የዚህ ሞላ ትልቁ ስጦታ ግን በመመሪያው ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነው። ሞላውን 3 ሜትር ዘርግተን ጉብታው ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ እስኪያደርግ በስልክ ሰዓት ለካን፤ 3 ሰከንድ ገደማ ወሰደ። ቀጥለን ያንኑ ሞላ 5 ሜትር ዘረጋነውና ተማሪዎቹ ስንት ሰከንድ እንደሚሆን እንዲገምቱ ጠየቅናቸው፤ ሁሉም ከ3 በላይ የሆነ ቁጥር ጠሩ። ሲለካ አሁንም 3 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ሞላው ሲዘረጋ ውጥረቱ ይጨምራል፣ በየሜትሩ የሚገኘው ክብደቱም ይሳሳል፤ ሁለቱም ሞገዱን የሚያፈጥኑ በመሆናቸው በርቀት የተጨመረው በፍጥነት ይካካሳል። በመጀመሪያው ልኬት ጉብታው በሰከንድ 6 ሜትር፣ በሁለተኛው 10 ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። ፍጥነትን የሚወስነው ሞገዱ የሚያልፍበት ነገር እንጂ የሚወዘውዘው እጅ አለመሆኑን፣ እጅን ቢያፈጥኑት የሚያጥረው የሞገዱ ርዝመት ብቻ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አላገኘሁም።

ቀጭኑ ሞላ ለነጸብራቅ ነው የሚሆነው። በበሩ እጀታ ላይ አጥብቀን ስናስረው ጉብታው ተገልብጦ ይመለሳል፤ በሞላውና በእጀታው መካከል ረዘም ያለ ሲባጎ ስናስገባ ግን ሳይገለበጥ ይመለሳል። ከሁለቱም ጫፍ የተላኩ ጉብታዎች መካከል ላይ ተገናኝተው ለቅጽበት ከፍ ብለው ሲደመሩና ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ እያንዳንዱ በየመንገዱ ሲቀጥል በግልጽ ይታያል። ሰፊው ሞላ አንድ ጠንቅ አለው፤ አንዴ ከተወሳሰበ አበቃለት፣ የመጀመሪያው ቅርጹ አይመለስለትም። የእኛው በኅዳር ወር ለእረፍት በተተወ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ተጓትተውበት አንድ አምስተኛው ጠማማ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በካልሲ ውስጥ ከተን ቆልፈንበታል።

ወደ ዋናው ዕቃ፣ ወደ ገንዳው ልለፍ። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ብርሃን የሞገድ ጠባይ እንዳለው ሲያስረዳ የተጠቀመበት ይህንኑ ዓይነት ገንዳ ስለሆነ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከላይ መብራት፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት፣ በመካከል ስስ ውሃ የያዘ መስታወት ነው። የሞገዱ ጫፍ እንደ አጉሊ መነጽር ብርሃኑን ሰብስቦ ወረቀቱ ላይ ብሩህ መስመር ይጥላል፣ በሁለት ጫፎች መካከል ያለው ስርጉድ ደግሞ ብርሃኑን በትኖ ጥላ ያደርጋል። ክፍሉ ሲጨልምና ዘንጉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብሩሃን መስመሮች በወረቀቱ ላይ ተከታትለው ሲጓዙ ማየት፣ ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰውንም ያስደስታል።

ሆኖም እዚያ ለመድረስ ብዙ መታገል ነበረብን። ገንዳው አራት እግር ያለው ሲሆን በየእግሩ ሥር ከፍታ ማስተካከያ ብሎን አለ፤ ከአራቱ የአንደኛው ብሎን ጥርስ ገና ስንፈታው ተበልቶ ስለነበር ሥሩን በታጠፈ ካርቶን ደግፈን ከግንበኛ በተዋስነው ውሃ ልክ አስተካከልነው። ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። ውሃው በአንድ በኩል 4፣ በሌላው 6 ሚሊሜትር ከሆነ ሞገዱ ጥልቅ በሆነው በኩል ስለሚፈጥን መስመሮቹ ያለ ምክንያት ሲጎብጡ ይታያሉ፤ ተማሪውም ያልተማረውን ነገር ያያል። ጥልቀቱን 5 ሚሊሜትር ለማድረግ 800 ሚሊሊትር ውሃ ይበቃል፣ ይኸውም ከባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ትንሽ ተርፎ ማለት ነው። መመሪያው ለዚህ ልክ የሚሰጠው መግለጫ «ጥቂት ውሃ ጨምር» የሚል ብቻ ነው።

አብሮ የመጣው መብራት ነጭ ቅብ ያለው አምፖል ነው፤ ብርሃኑ ከሰፊ ገጽ ስለሚወጣ የእያንዳንዱ ሞገድ ጥላ ከጎረቤቱ ጋር ይደባለቃል፣ መስመሮቹም ይደበዝዛሉ። አምፖሉን አውርደን በቦታው የአንድ ተራ ስልክ መብራት ስናስር መስመሮቹ ወዲያው ጠሩ፤ ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ ነጥብ ስለሚወጣ ነው። አምራቹ አምፖሉን ቀብቶ ካበላሸው ይልቅ ትንሽ ኤልኢዲ ቢያደርግበት ኖሮ ወጪው ያንስ ነበር።

የመጀመሪያው ልኬታችን በስሕተት ተደመደመ፣ ስሕተቱም የመመሪያው ነው። ተማሪዎቹ በወረቀቱ ላይ የአሥር ሞገዶችን ርዝመት ለክተው 50 ሴንቲሜትር አገኙ፣ ለአሥር አካፍለው የሞገድ ርዝመቱ 5 ሴንቲሜትር ነው አሉ፤ መመሪያውም እንዲሁ አድርጉ ይላል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ጥላ ነው፣ ጥላ ደግሞ ይገዝፋል። መብራቱ ከውሃው በላይ 40 ሴንቲሜትር፣ ወረቀቱ ከውሃው በታች 50 ሴንቲሜትር ላይ ስለነበር ጥላው በ2.25 እጥፍ ያድጋል። ይህን በስሌት ከመንገር ይልቅ 10 ሴንቲሜትር የሆነ የማስመሪያ ስባሪ መስታወቱ ላይ አስቀምጠን ጥላውን አስለካናቸው፤ 22.5 ሴንቲሜትር ሆነ። እውነተኛው የሞገድ ርዝመት 2.2 ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ጉድለት የዲናሞው ማዞሪያ ነው። በላዩ ከ1 እስከ 10 የተጻፈ ቢሆንም ቁጥሮቹ ኸርዝ አይደሉም፣ የምንም ነገር መለኪያም አይደሉም፤ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ላይ እንዳሉት ያሉ ናቸው። ድግግሞሹ ካልታወቀ ቀመሩ አንድ እግሩ ጎደለ። መፍትሔ ያገኘነው በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ስልክ ባላት በአንዲት ባልደረባችን ነው። ዘንጉን በዝግታ መቅረጫው ከቀረጸችው በኋላ ከአንድ ውጣ ውረድ እስከሚቀጥለው 24 ምስል ቆጠርን፤ ድግግሞሹ 10 ኸርዝ ነው ማለት ነው። 10 በ2.2 ሲባዛ ፍጥነቱ በሰከንድ 22 ሴንቲሜትር ሆነ። ማዞሪያው ላይ የኸርዝ ምልክቶችን በነጭ ፕላስተር ለጥፈን ጽፈናል፤ ዲናሞው ሲሞቅ ትንሽ ስለሚዛነፉ በየወሩ ማረም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ነገር ላክል። ጥልቀት የሌለው ውሃ የሞገድ ፍጥነት የስበት ፍጥንጥነትና የጥልቀቱ ብዜት ስኩዌር ሩት ነው የሚለውን ቀመር በ5 ሚሊሜትር ብትሞክሩት እሱም 22 ሴንቲሜትር በሰከንድ ይሰጣችኋል፣ ደስም ይላችኋል፤ ግን መግጠሙ በከፊል አጋጣሚ ነው። ቀመሩ የሚሠራው የሞገዱ ርዝመት ከጥልቀቱ እጅግ ሲበልጥ ነው፣ የእኛው ግን አራት እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ በስበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱ ወደ 17 ተኩል በወረደ ነበር። ቀሪውን የሚሞላው የውሃው ገጽ ውጥረት፣ ማለትም ገጹ እንደ ተወጠረ ስስ ሽፋን መሆኑ ነው። መመሪያው ውሃው ከዳሩ ጋር በደንብ እንዲያያዝ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት ይላል፤ እንደ ማሳያ ምክሩ መልካም ነው፣ ለመለካት ካሰባችሁ ግን ሳሙናውን ተዉት። ሳሙና የገጽ ውጥረቱን ስለሚቀንስ በዚያው በ10 ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት ከ2.2 ወደ 2 ሴንቲሜትር አካባቢ ይወርዳል፣ ከዚያም የጠዋቱ ክፍልና የከሰዓቱ ክፍል ውጤት የማይገጥምበትን ምክንያት ስትፈልጉ ትውላላችሁ። እኛ ውለናል።

የገንዳው ዳርቻ ሌላው የድካም ምንጭ ነበር። ሞገዱ ከዳሩ ተጋጭቶ ከተመለሰ ከሚመጣው ጋር እየተደባለቀ ወረቀቱን ያጨማልቀዋል፤ ለዚህ ተብለው የተሰጡት የስፖንጅ ቁራጮች እጅግ ስስ በመሆናቸው ማስቲሻቸው ውሃ ሲነካው ለቀቀ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በሰያፍ ቆርጠን በአራቱም ዳር ስንደረድር ሞገዱ እንደ ባሕር ዳርቻ ቀስ ብሎ ሞተልን። ከዚያ በኋላ የገንዳው ችሎታ ተገለጠ።

ስብረትን፣ ማለትም ሞገድ ፍጥነቱ ሲለወጥ አቅጣጫውን ማጠፉን፣ ለማሳየት የተሰጠው ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ፕላስቲክ ሳህን ነው። በ5 ሚሊሜትር ውሃ ውስጥ ሲተኛ በላዩ የሚቀረው ውሃ 2 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ይዘገያል፤ ድግግሞሹ አይለወጥምና ርዝመቱ ከ2.2 ወደ 1.8 ሴንቲሜትር ያጥራል። ሳህኑን በ45 ዲግሪ ስናዞረው መስመሮቹ ወደ 35 ዲግሪ ታጠፉ። አሥር ዲግሪ ለዓይን ትንሽ ነው፤ ከኋላ ወንበር ያለ ተማሪ አያየውም፣ በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ከተነደፈ ግን በፕሮትራክተር ይለካል። ሳህኑ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ኖሮ መታጠፉ በጣም ጎልቶ ይታይ ነበር። ከመስታወት ቆራጭ አንድ ባለ 4 ሚሊሜትር ቁራጭ ማስቆረጥ ቀላል ስለሆነ በዚህ ብዙ አልከራከርም።

ለክፍተቱና ለሁለቱ ነጥቦች ሙከራ ግን ሙሉ ምስጋና ይገባዋል። በሁለት ግርዶሾች መካከል 8 ሴንቲሜትር ክፍተት ስንተው ሞገዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ከጎኖቹ ጥቂት ብቻ ይጎብጣል፤ ክፍተቱን ወደ 2 ሴንቲሜትር ስናጠበው፣ ማለትም ከሞገዱ ርዝመት ጋር ስናቀራርበው፣ ከወዲያ በኩል በግማሽ ክብ ተዘርግቶ ይወጣል። ከበር ጎን፣ ከግድግዳው ጀርባ የቆመ ሰው ድምፁ ሲሰማ ፊቱ የማይታየው ለዚህ እንደሆነ ለመናገር ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም፤ የአንድ 512 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 67 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ከበሩ ስፋት ብዙም አይርቅም፣ የብርሃኑ ግን ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛም ያንሳል። ውሃውን በአንድ በአንድ ነጥብ የሚመቱትን ሁለቱን መቺዎች በ6 ሴንቲሜትር ርቀት አስረን ስናስነሣቸው ደግሞ ውሃው ፈጽሞ የማይንቀሳቀስባቸው ጸጥ ያሉ መስመሮች ከመካከላቸው እንደ ማራገቢያ ተዘረጉ። ስሌቱ በየጎኑ ሦስት፣ በጠቅላላ ስድስት ይላል፤ ተማሪዎቹ አራቱን ወዲያው አገኙ፣ ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን ያገኙት አንገታቸውን አዘንብለው ከፈለጉ በኋላ ነው።

ስለ ድምፅ ሹካዎቹ በአጭሩ ልናገር። ሁለቱም ላይ 512 ኸርዝ ተጽፏል። ፋይፎክስ በተባለው፣ በጀርመን የአኸን ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው ነጻ የስልክ መተግበሪያ ስናያቸው አንደኛው 512፣ ሌላው 508 ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን አንድ ላይ መትቶ ለሚያዳምጥ ድምፁ በሰከንድ አራት ጊዜ ይጎላል፣ አራት ጊዜ ይላላል፤ ለትምህርት ደስ ይላል፣ ጽሑፉ ግን ውሸት ነው። ትክክለኛውን ሹካ 4 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው የቧንቧ ፕላስቲክ አፍ ላይ ይዘን ቧንቧውን በባልዲ ውሃ ውስጥ ከፍ ዝቅ ስናደርገው ድምፁ በ15.5 እና በ49 ሴንቲሜትር የአየር ዓምድ ላይ ጎላ። የሁለቱ ልዩነት እጥፍ 67 ሴንቲሜትር ነው፤ በ512 ሲባዛ በሰከንድ 343 ሜትር ይሰጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ አየሯም የሳሳ ስለሆነ ድምፅ እዚህ ይዘገያል ብለው የተወራረዱ ተማሪዎች ነበሩ፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት እንጂ መሳሳቱ አይደለምና ተሸነፉ። ቧንቧውና ባልዲው ከስብስቡ ውስጥ አይደሉም።

ግንቦት ላይ ዲናሞው ተቃጠለ። ወደ ገዛንበት ሱቅ ደውለን መለዋወጫ ብንጠይቅ ለብቻው እንደማይመጣ፣ ከፈለግን ሌላ ሙሉ ስብስብ መግዛት እንዳለብን ተነገረን፤ ዋስትናውም «ለኤሌክትሪክ ክፍሎች አይሠራም» አሉን፤ ደረሰኛችን ላይ በተጻፈው የአንድ ዓመት ዋስትና ግን እንዲህ የሚል ነገር ከዚያ በፊት አላነበብንበትም፣ አሁንም አናነብበትም። የቤተ ሙከራ ረዳታችን ከአሮጌ የመጫወቻ መኪና ዲናሞ ፈትቶ፣ በዲናሞው መዞሪያ ላይ አንድ የብሎን ዳዶ ወደ ጎን አዛብቶ አሰረበት፤ ሚዛኑ የተዛባው ዳዶ ሲዞር ዘንጉን ያንቀጠቅጠዋል፣ የፋብሪካውም አሠራር ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ስለሚሠራም መብራት ሲጠፋ ሙከራው አይቋረጥም።

ገንዘቡ ላለው ትምህርት ቤት ገንዳውን ግዙ እላለሁ፣ ነገር ግን አምፖሉን፣ ስፖንጁንና ማዞሪያውን ገና ከመጀመሪያው እንደሌሉ ቁጠሯቸው። ገንዘቡ ለሌለው ደግሞ ሱቁ ሁለቱን ሞላዎች ነጥሎ ይሸጣል፤ ዋጋቸው ከሙሉ ስብስቡ አንድ አሥረኛ አይደርስም። ገንዳውን ከሥዕል ፍሬም መስታወት፣ ከአራት ማዕዘን እንጨትና ከሲሊኮን እዚያው ግቢ ውስጥ መሥራት ይቻላል። እኛ ለዘንድሮ ሁለተኛውን ገንዳ እንዲሁ ሠርተነዋል፤ በአንደኛው ማዕዘን በኩል ትንሽ ያንጠባጥባል፣ ሥሩ ጆግ አድርገንበታል።